በወንድሜ ጊታር ውስጥ ያለው ድምፅ

ታላቅ ወንድሜ ትቶልን የሄደው አንድ አሮጌ ጊታር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይሁን እንጂ ሆዱ እንደ ክራር ባዶ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ሲጫወትበት ይከርምና ለመስቀል ቡታጅራ ወዳለው ቤታችን ይዞት ይመጣል። ያለ ጊታሩ መጥቶ ስለማያውቅ እናታችን "ሚስትህን ይዘህ መጣህ?" እያለች ትቀልድበት ነበር።

ጊታሩ አንድ ጠባይ ነበረው። ከክሮቹ ሥር ድምፅ የሚቀበል ማግኔት አለ፤ እኛ ሙዚቀኞች ፒካፕ እንለዋለን። የዚህኛው ጥቅል ሽቦ ከእርጅና ብዛት ስለላላ ከክሩ አልፎ የሰውን ድምፅም ይቀበላል። ወንድሜ ደግሞ ሲጫወት አቀርቅሮ ማጉረምረም ይወዳል፤ ያ ሁሉ በስፒከሩ ይወጣል። የመስቀል ክትፎ ሲቀርብ አፉን ወደ ጊታሩ አስጠግቶ እናታችንን ቅቤው አነሰ ይላታል። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። እሷም ታፍራለች፣ ትስቃለች፣ ትጨምርለታለች። ጉደኛ ነበር።

አጭር ሕመም ወሰደው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ "የሞተ ተጎዳ" እያለ ሊያጽናናን ሞከረ። ይህን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። የሞተውማ አረፈ፤ የተጎዳችውን ማየት የፈለገ ቤታችን ይምጣ።

ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አልተከፈተም፤ ጊታሩም ነጠላ ለብሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ከዚያ በኋላ አወረድኩትና ሠርግ ላይ መጫወት ጀመርኩ፤ እንጀራዬ ነዋ! ጊታሩ ግን አዋረደኝ። ስፒከሩ ከፍ ሲል ያፏጫል። ቡኢ ከተማ አንድ ሠርግ ላይማ ረሃብ ገደለኝ ብዬ ለራሴ ያጉረመረምኩትን ድንኳኑ ሙሉ ሰምቶ ሳቀብኝ። ወንድሜ ቢሆን በዚሁ ሰውን ያስቅበት ነበር፤ እኔን ግን ሰው መጥራት አቆመ።

ወልቂጤ ሬዲዮና ጊታር የሚጠግን ጓደኛ አለኝ። ስነግረው ሁለት ፒካፕ ይዞ መጣ። አንደኛው ባለ አንድ ጥቅል፣ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ድምፁ ቀጭንና ጥርት ያለ ሆኖ እዝዝ የማለት አመል አለው፣ አንዳንዴም የሰው ድምፅ ይቀበላል። ሌላው ባለ ሁለት ጥቅል ነው፤ ሽቦው በሰም የታሸገ፣ ድምፁ ወፈር ያለ፣ ከክር በቀር ምንም የማይሰማ። ለሠርግ የሚሆንህ ይሄ ነው አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ወላወልኩ። ያን ቀጭን ድምፅ ከጊታሩ ካወጣሁት ከወንድሜ ምን ይቀረኛል?

ጓደኛዬ ካቻቪቴውን አውጥቶ የመጀመሪያውን ብሎን ሊፈታ ሲል እናቴ ከጓዳ ወጣች። ምን ልታደርጉ ነው አለች። ፒካፑን የሰው ድምፅ በማይሰማ ልንቀይረው እንደሆነ ስነግራት መጥታ በሁለት እጇ ጊታሩን ሸፈነችው።

"በሞቴ፣ እንዳትነኩት። ልጄ እዚህ ውስጥ አለ።"

ለካ ዓመቱን ሙሉ ይህን ይዛ ነው የከረመችው። ሰፈራችን ስልክ ሳይገባ በፊት ወንድሜ ደብዳቤ የማታነብ እናቱን በካሴት ነበር የሚያናግራት። ድምፁን ቀድቶ በአውቶቡስ ይልክላታል፤ እሷም ባሰኛት ጊዜ ከፍታ ትሰማዋለች። ካሴቶቹ በኋላ ተበላሹ። ታዲያ ድምፅ የተቀበለ ነገር ሁሉ ድምፅ የሚያስቀምጥ ቢመስላት ምን ይገርማል? ይሄኛው ድምፅ የሚያሳልፍ እንጂ የሚያስቀምጥ አይደለም ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ዝም በል፣ ክፈተው አለችኝ።

ጓደኛዬ አምፕሊፋየሩን ከፈተ። እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አፏን ወደ ክሮቹ አስጠግታ በጉራጌኛ፣ በቤታችን ቋንቋ፣ ልጄ አለህ ወይ ብላ ጠራችው። የገዛ ድምጿ በስፒከሩ ገዝፎ ክፍሉን ሞላው። ያረጀና የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነበር። ጠበቀች። ደግማ ጠራችው፤ አሁንም ጠበቀች። ከስፒከሩ እዝዝታ በቀር የመለሰላት የለም። ጓደኛዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"የእኔ ድምፅ ብቻ ነው እንዴ?" አለችኝ።

አምፕሊፋየሩን ዘጋሁት።

እጇን ከጊታሩ ላይ አነሳች። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡትን ሁለቱን ፒካፖች ስታይ ቆይታ፣ የሰው ድምፅ የማይሰማው የቱ ነው ብላ ጠየቀች። ባለ ሁለት ጥቅሉን በጣቴ አሳየኋት።

"እሱን አድርጉበት" አለችና ተነስታ ወደ ጓዳዋ ገባች።