በአራት ልጆች ክንድ የተለካ አግዳሚ ወንበር

በደርግ ጊዜ ሞላሌ አጠገብ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተምር ነበር። ሙያዬን ከጠየቃችሁኝ፣ ሚስማር ስመታ ብዙ ጊዜ የማገኘው አውራ ጣቴን ነበር። ርእሰ መምህሩ ትምህርቱን ሲሰጡኝ፣ "አንተ ረጅም ነህ፣ ትችለዋለህ" አሉኝ። ቁመትና መጋዝ ምን እንደሚያገናኛቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ልቤ ግን ዝውውር ላይ ነበር። የመንዝ ብርድ አንጀቴ ገብቶ፣ ሞቅ ወዳለው ዓለም ከተማ ለመሄድ አመልክቻለሁ። ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ የሚመጡት የአውራጃው ሱፐርቫይዘር ጥሩ ከጻፉልኝ እሄዳለሁ፤ ካልጻፉልኝ እዚያው እንቀጠቀጣለሁ። ስለዚህ ሲመጡ ልጆቹ የሠሩት አግዳሚ ወንበር ላይ ላስቀምጣቸው ቆረጥሁ።

ያለችን አንዲት ማስመሪያ ተሰብራለች። "ምን ችግር አለ? እያንዳንዱ እግር አንድ ክንድ ይሁን" ብዬ ለአራት ልጆች አከፋፈልሁ። እነሱም በየራሳቸው ክንድ ለክተው ቆርጠው መጡ። ሦስቱ ክፍል የደጋገሙ፣ ጢም ያወጡ ጎረምሶች ናቸው፤ አራተኛዋ ከደብተሯ ብዙም የማትበልጥ ልጅ። ወንበሩ ተገጥሞ ሲቆም እንዳነከሰ በሬ ዘመመ።

እንጨት በአገሩ ብርቅ ነውና መቁረጡ አሳሳኝ። የክፍሉ ወለል አፈር ስለሆነ የረዘሙትን ሦስት እግሮች ቆፍረን ቀበርናቸው፤ አፈሩን ደልድለን አመድ በተንንበት።

ሱፐርቫይዘሩ መጡ። ጉልበታቸው ደረታቸው ሊደርስ ምንም ባይቀረው፣ ተቀምጠው ተወዛወዙበት። ንቅንቅ የለም!

"ጓድ መምህር፣ እንዲህ ያለ ጽኑ ወንበር አይቼ አላውቅም!"

"የልጆቹ ጥረት ነው" አልሁ በትሕትና፤ በሐሳቤ ግን ዓለም ከተማ ገብቼ ካፖርቴን አውልቄያለሁ።

"በሉ መኪናው ላይ ጫኑት፤ ለአውራጃው ኤግዚቢሽን ይሄዳል።"

"ጓድ፣ ቀለሙ አልደረቀም!"

"ቀለም መች ተቀባና?"

ጎረምሶቹ ሲጎትቱት ወንበሩ እንደ ጎመን ከነአፈሩ ተነቀለ። ደጅ ሲያስቀምጡት ተንጋደደ። ትንሿ ልጅ ክንዷን ዘርግታ፣ "ጋሼ አንድ ክንድ ብለውን ነው፤ የኔ አጭር ነው" አለች።

ሱፐርቫይዘሩ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። የሳቀ ሰው መቼም አይጨክንም ብዬ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

"ዝውውሩ ይቆይ" አሉኝ መኪና ሲገቡ። "መጀመሪያ የሚቆም ወንበር ይሥሩ።"

ወንበሩስ በማግስቱ ቆመ፤ ማመልከቻዬ ነው ለዓመታት ተኝቶ የቀረው። ልጅቷ በክንዷ ልክ ዱላ ቆርጣ፣ ጎረምሶቹን እያዘዘች እግሮቹን አስተካከለቻቸው። ላግዝ ብዬ መጋዙን ሳነሣ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ዳር ይሁኑልን" አለችኝ።

ዳር ሆንሁ።