ሰባ አራት ቁጥር ሜዳሊያ

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሰው ቤት ውሃ ሲዘጋ ይውላል፤ የሱን ብስጭት የሚዘጋለት ግን አልተገኘም። ድሮ አገሩን የያዙት ቅኝ ገዢዎች ለምረቃውም ለሹመቱም ያስቀረጿቸውን ሜዳሊያዎች ይሰበስባል። ስልሳ ሁለት አሉት። የገዢዎቹ ፊት መሳቢያውን ሞልቶት የኔ ልብስ ወንበር ላይ ያድራል። ሰው ወዷቸው ነው ሲለው ያብዳል፤ የተበሳ ሜዳሊያ ሲያገኝ ደግሞ የበሳውን እጅ ይረግማል።

የሚፈልገው አንዷን ብቻ ነበር። ወንድ አያቴ፣ የሱ አባት፣ ድንጋይ ጠራቢ ሆነው የሠሩበት ድልድይ ሲመረቅ ለሠራተኞቹ የታደለችውን። ከጀርባዋ የሠራተኛ ቁጥራቸውን፣ ሰባ አራትን፣ በሚስማር ጭረውባታል። ከሳቸው የቀረ ፎቶ እንኳ የለም። ሴት አያቴ ሲያርፉ ቤቱ ቢበረበር ሜዳሊያዋ ጠፋች። ቤቱ ለታላቅ እህቱ ቀርቶ ስለነበር አባቴ እሷ ሸጣታለች ብሎ ደመደመና አሥራ ሁለት ዓመት አኮረፋት። እኔ መሃል ቆሜ የሁለቱን መልእክት ሳመላልስ አረጀሁ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ የውሃ በርሜል ያንጠባጥብ ጀመር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት የኛ ቤት ነው። ሌላ ሠራተኛ ልጥራ ብላት እምቢ አለች፤ ቧንቧውን ገና ሥራ ሲለማመድ የገጠመው እሱ ነውና ራሱ ይንቀለው አለች። አባቴን ለምኜም ተቆጥቼም ወሰድኩት። ሰላም እንኳ ሳይላት ጎንበስ ብሎ መፍታት ጀመረ።

የቧንቧው ማጥበቂያ ዳዶ ሲላቀቅ ከኋላው አረንጓዴ ያወጣ ሮንዴላ፣ ውሃ እንዳያፈስ ከዳዶው ሥር የሚገባው ክብ ብረት፣ ወደቀ። አባቴ አንስቶ በሱሪው ጠረገው። መሃሉ ተበስቷል፤ የገዢው ፊት የለም። ገለበጠው። ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሰባ አራት ተጭሯል።

መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያኔ ቧንቧውን ሲገጥም ሮንዴላ ቢያጣ ከእናቱ የአዝራር ጣሳ ውስጥ አንድ የጠቆረ ክብ ብረት አንስቶ፣ ምንነቱን እንኳ ሳያይ፣ በመሰርሰሪያ እንደበሳው ትዝ አለው።

“እኔ ነኝ የበሳኋት፣ እትዬ” አለ።

አክስቴ ተቀብላው ጣቷን በቀዳዳው አስገባች። እኔ ግን ተናደድኩ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቀላል ነው?

“እሷስ እዚሁ ውሃዬን ይዛልኝ ነበር” አለችው። “የጠፋኸው አንተ ነህ።”

አባቴ ከቦርሳው አዲስ ሮንዴላ አወጣ። ዳዶውን ሦስት ጊዜ ሞክሮ ማስገባት ሲያቅተው እኔ ያዝኩለት።