ከአዘዞ እስከ አዲስ አበባ ማጫወት

ዛሬ አውሮፕላን ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ከፊቱ ሲኒማ ተከፍቶለት፣ ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚሄደው። ጎረቤቱ ቢያለቅስም አይሰማ። በጃንሆይ ጊዜ ከጎንደር ስንሳፈር መጫወቻችን ከረሜላ፣ አንድ የተጨማደደ የፈረንጅ መጽሔትና እርስ በርሳችን ነበርን።

ያኔ እዚያው ጎንደር፣ አራዳ አጠገብ አስተምር ነበር። ማክሰኝት የምትኖረው አክስቴ አንድ ልጅ ነበራት፤ እሱም አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሞተ። ቴሌግራሙ የደረሰው አጎቴ ዘንድ ስለነበር እሱና እኔ ቤት ዘግተን አለቀስን። እናት ግን እንዲሁ አይነገራትም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ደጋፊ ባለበት ነው መርዶ። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቿ እንዲያረዷት ተወሰነና እኔ "ልጅሽ ሊያይሽ ፈልጓል" ብዬ እንዳደርሳት ታዘዝኩ።

"መንገድ ላይ እንዳታስብ አጫውቻት" አለኝ አጎቴ። ለአፍ ቀላል ነው።

አዘዞ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብር ስለነበር በነጠላዬ ላይ ካፖርት ደርቤያለሁ። ገና ሳንነሳ አስተናጋጇ ከረሜላ አደለችን። አክስቴ የራሷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

"ለልጄ ነው፤ ጣፋጭ ይወዳል" አለች።

ከተነሳን በኋላ ሲሞቀኝ ካፖርቴን አወለቅሁ። ወንበሮቹ በግራና በቀኝ ትይዩ ነበሩ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ቄስ እኔን አየት፣ አክስቴን አየት አደረጉና ሳይጠየቁ ወሬ ጀመሩ። በመጀመሪያው ጉዟቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው ገቡ፤ ጫማው አዘዞ ቀርቶ እሳቸው አዲስ አበባ በባዶ እግራቸው ወረዱ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አክስቴ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ብዙ ቆየች። ማክሰኝትን የምትፈልግ መሰለኝ።

ዝምታዋ ሲያስፈራኝ መጽሔቱን ዘረጋሁ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ሥዕሉን እያየሁ ዋሸሁ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ኮት ከለበሰ ውሻ ጋር ቆሟል፣ አጠገቡ የመዋኛ ልብስ የለበሰች ሴት አለች። "በውሻው ምክንያት ሊፋቱ ነው" አልኳት።

"ምነው፣ ውሻውን ኮት አልብሶ ሚስቱን ራቁቷን አስቀራት?" አለችና ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ በነጠላዋ ጠረገችው። እኔም የዋህ፣ ሥራዬ ሠመረ ብዬ ኮራሁ። ገጽ እየገለጥኩ፣ ቄሱ እያገዙኝ፣ አዲስ አበባ እስክንደርስ ወሬዬን ቀደድኩ።

አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታችና ከረሜላዋን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ብያት።"

"ለልጅሽ አልነበረም እንዴ?"

ሁለት እጇን ወደ ትከሻዬ ሰዳ ነጠላዬን ገልብጣ አለበሰችኝ። ያን ጊዜ ነው የነቃሁ። ለካ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አዘቅዝቄ፣ እንደ ለቀስተኛ ለብሼ ኖሯል። የትናንቱ ለቅሶ ልማድ እጄ ላይ ቀርቶ ሳላውቀው ነው። ቄሱ ያዩት እሱን ነበር። እሷም።

"ካፖርትሽን ስታወልቂ ነው ያየሁት" አለች ቀስ ብላ።

"ታዲያ ምነው ሳቅሽ?"

"አንቺ እንዲያ ስትለፊ፣ አባም ሲደክሙ ምን ላርግ? ደሞስ ሰማይ ላይ ልውደቅ ብል የት እወድቃለሁ?" ፊቷን ጠረገች። "ወንድሞቼ ሊያረዱኝ ተሰናድተዋል። አውቃለች እንዳትያቸው፤ እነሱም ወጉን ያድርሱ።"

በማግስቱ ማለዳ ወንድሞቿ ዘመድ አስከትለው ገቡ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ተነስታ ደረቷን መታች፤ ወደቀች፤ አራት ሰው ደገፋት። "ምስኪን፣ ምንም ሳታውቅ መጥታ" ይላል ሰዉ። እኔ በአንድ እጄ ክንዷን ይዣለሁ፣ በሌላው ያልበላኋትን ከረሜላ። ያን ሁሉ ለቅሶ ከጎንደር ጀምራ እየሳቀችልኝ ይዛው እንደመጣች የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።