ሰው የሌለበት ፎቶ

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ስሙን ረስተው «ቀና በል» ይሉታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለመታወቂያ ፎቶ ፊቱ የተቀመጠውን ሁሉ «ቀና በል፣ አትሳቅ» ሲል ስለኖረ ነው። ሥራው ይኸው ነበር፤ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ነጭ ግድግዳ፣ አንድ በርጩማ፣ ቁልፉን ብቻ የሚጫኑት ትንሽ አውቶማቲክ ካሜራ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ጠርተው ትልቅ ካሜራ ከነሁለት ሌንሱ ያስረከቡት። ፋብሪካው ጥሩ ጥሩ ፎቶ ስለሚፈልግ በወር ውስጥ ተለማመድ አሉት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ደስታው አፉን ያዘው።

ደስታው ሦስት ቀን አልቆየም። አውቶማቲኩን ትቶ በራሱ እጅ ሊያስተካክል ሲሞክር፣ አንዱ ፎቶ ከሰል መስሎ ይወጣል፣ ሌላው ወተት የተደፋበት ይመስላል። የመመሪያው ቁጥር ናላውን አዞረው። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ተማሪ መሆን ቢያሳፍረውም፣ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ከፋብሪካው ማዶ የሠርግ ፎቶ ቤት ያላትን ባልቴት ሄዶ ለመናት። የሌንሱ ቀዳዳ ሲሰፋ ብርሃን በብዛት እንደሚገባ፣ የካሜራው መዝጊያ ፈጥኖ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚንቀሳቀስ ነገር ቀጥ ብሎ እንደሚቀር፣ ሳይሰለቻት አስረዳችው።

«አሁንም ቁጥሩን ነው የምታየው» አለችው በሳምንቱ። «መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እይ። ቁጥሩ ኋላ ይደርሳል።»

መለማመጃው ታላቅ እህቱ ሆነች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ የሽመና ማሽን ላይ ቆማለች፤ ጫጫታው ጆሮዋን ስለጎዳው የሚያናግራት ጠጋ ብሎ ነው። የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ሲያነሳት እጇ ጭጋግ መስሎ ወጣ፤ መዝጊያውን ሲያፈጥን ጨለመ፤ ቀዳዳውን ሲያሰፋ ክሩ ጠርቶ ፊቷ ደበዘዘ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ግን ከላይኛው መስኮት የገባው ብርሃን አርፎባት ክሩም፣ ጣቷም፣ ዓይኗም አብረው ጠሩ። ከካሜራው ጀርባ ላይ አሳያት። ጎንበስ ብላ አየችው።

«አርጅቻለሁ ለካ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ትእዛዝ መጣ፤ እያንዳንዱ ማሽን ከፊትና ከጎን ይነሳ፣ ቁጥሩ በግልጽ ይነበብ፣ ሰው ግን አይግባበት። ሠራተኞቹን እየለመነ ዘወር እያደረገ ሁለት ቀን አነሳ። እውነቱን ለመናገር፣ በዕድሜው እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። እህቱ ዘወር ስትልለት፣ ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀችው። ለማስታወቂያ ሳይሆን አይቀርም አላት። የመሰለውም ይኸው ነበር።

ወር ሳይሞላ የማይታወቁ ሰዎች መጥተው፣ የሱን ፎቶዎች በእጃቸው ይዘው፣ ከማሽን ማሽን እየዞሩ ያመሳክሩ ጀመር። ያን ጊዜ ነገሩ ለሁሉም ተገለጠ፤ ማሽኖቹ ተሽጠዋል፣ አዳራሹ ይዘጋል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ብቻ ምሳ ሲበላ ከአጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ። የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። ከጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ምንም አላውቅም ነበር ሲል ማለላት።

«የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባላል» አለችው ቀና ሳትል። «አንተ እንኳ አልዘረፍክም። አሳምረህ አሳየሃቸው።»

«አላወቅኩም፣ እታለም።»

«አለማወቅህን አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የማልቆጣህ።»

ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ካሜራው ከዕቃው ጋር ተወሰደ። እሱ ከባልቴቷ ዘንድ ተቀጥሮ ሠርግ ያነሳል፤ እጁ ወርቅ ነው ይሉታል። እህቱ ግን ብዙ በር አንኳኩታ፣ መስማት የሚሳናትን ሴት የሚቀጥር አጣች። እሑድ እሑድ ይጠይቃታል። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ስለ ፋብሪካው ግን አንዳቸውም አንስተው አያውቁም።