ማሽኑ ቆሞ ሲያንኳኳ የሰማሁ ሰሞን

በቴፒና በሚዛን መካከል እጄ ያልነካው የቡና መፈልፈያ ማሽን ካለ ባለቤቱ ይምጣና ይናገር። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከቡና ጆንያ ላይ ነው፤ ማሽን የተማርኩት ደግሞ ሌላው ፈርቶ የሸሸው ብረት ሥር ተጋድሜ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ መሐንዲሶች ወረቀት ዘርግተው ሲከራከሩ፣ እኔ ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ «የግራው ኩሽኔታ ነው» እላቸው ነበር። ይፈቱታል፤ ዘንጉን የያዘው የግራው ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ እውነት ነው። የዚያን ጆሮ ዋጋ ያላወቀ ሰው፣ ጆሮዬ ሲከዳኝ የደረሰብኝ አይገባውም።

ጆሮዬን የበላው ጫት ነው።

የቡና ሥራ እንዲህ ነው። እሸቱ ቀን ይለቀማል፣ አመሻሽ ላይ ጣቢያ ይደርሳል፣ ቶሎ ካልተፈለፈለ ይግልና ይኮመጥጣል። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ ማሽኑ እስኪነጋጋ ይሠራል፤ እኛም እንዳናንቀላፋ እንቅማለን። መጀመሪያ ለአዝመራ ብቻ ነበር። አዝመራው ሲያልቅ ጫቱ አላለቀም። ከምሳ በኋላ ጫት፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ፣ ጠዋት ራስ ምታቱን ለማባረር ሦስት ስኒ ቡና፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ያው ጫት። በአንድ ሌሊት ሁለት ሰዓት ያህል ከተኛሁ ብዙ ነው። ዛሬ ሳስበው ደሜን የሚያፈላው፣ በዚህ መኩራራቴ ነው። «እናንተ እንደ ጥጃ ተኙ፤ እኔ እንቅልፍ አያሸንፈኝም» እል ነበር።

ባለቤቴ ግን «አንተ ሰውዬ፣ ሌሊት የሚዞረው ጅብ ነው» ትለኝ ነበር። አልሰማኋትም።

ባለፈው አዝመራ፣ ጥቅምት ላይ፣ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ማሽኑ ሲያንኳኳ ሰማሁ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው እኔው ያስተማርኳት ጎልማሳ ሴት ነበረች። «አቁሚ!» አልኳት፤ አቆመች። የግራውን ኩሽኔታ ፈታሁ፤ ደህና ነው። የቀኙን ፈታሁ፤ ደህና ነው። ዘንጉን መረመርኩ፤ አልተጣመመም። በዚህ መሃል ከሸኮ በኩል እሸት ያመጡ ገበሬዎች ተሰለፉ።

«ጋሼ፣ ምንም የለውም፤ እንግጠመው» አለችኝ።

«አትሰሚም እንዴ? ይኸው እኮ ያንኳኳል!»

«ምኑ ነው የሚያንኳኳው?»

«ማሽኑ ነዋ!»

ትክ ብላ አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ ቆሟል። ኩሽኔታውም እጅዎ ላይ ነው።»

ከሰልፉ አንዱ «ምርቃናው ነው የሚያንኳኳው፤ እሱን ይፍቱት!» አለ። ሳቁ።

እዚያው ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እልኸኛ ነኝና «ሳላገኘው አይገጠምም» ብዬ እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ አንድም ብሎን አላስነካሁም። ክምሩ ጋለ። ቀትር ላይ እንደ አተላ ሸተተ። የሦስት ገበሬዎች ቡና ተበላሸ። የጣቢያው ኃላፊ መጣና በሰው ፊት የመፍቻ ሳጥኔን ከእጄ ወሰደ። «ተኝተው ሲመጡ ይወስዱታል» አለኝ። የልጄ እኩያ ነው!

ለአንድ ሳምንት ያልተሳደብኩት ሰው የለም። በመጨረሻ ባለቤቴ እህቷ ወዳለችበት አማን ይዛኝ ሄደችና ሐኪም ዘንድ አስገባችኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት።

«አባባ፣ ጫት ይቅማሉ?»

«ቃሚ አይደለሁም፤ ሠራተኛ ነኝ።»

«እሺ፣ ሠራተኛው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ይቅማል?»

«ከምሳ እስከ ራት» አለች ባለቤቴ፣ ሳትጠየቅ።

ሐኪሟ ጆሮዬን አየችና ጤነኛ ነው አለች። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የሌለውን ይሰማል፤ ጫቱንና አረቄውን ይተዉ፣ ቡና ጠዋት ብቻ፣ ቀን አይተኙ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሡ አለችኝ። ተናደድኩ። ግን ልክ እኔ ማሽን እንደምፈታው፣ አንድም ሳትዘል በተራ ነው የፈታችኝ። በሥራዋ ስህተት አጣሁባት።

ጫት በተውኩ በሦስተኛው ሌሊት ዱካክ መጣ። ጫት ያቋረጠ ሰው ደረት ላይ የሚቀመጥ ቅዠት ነው። የእሸት ክምር ሲናድብኝ ጮኼ ነቃሁ። ይህን የሰሙ የመቃሚያ ጓደኞቼ በማግስቱ አንድ እስር ጫት ይዘው ከች አሉ።

«ዱካክ ድርሻውን ካላገኘ ይገድላል። ትንሽ ቃምለትና ይሂድ» አሉኝ።

በዚህ አገር ስንቱ ሊተው ተነሥቶ በዚህች ምክር ተመለሰ! ጫቱ ራሱ ያመጣውን ቅዠት መንፈስ አድርገው በዚያው ጫት ይገብሩለታል። «ሊገድለኝ የመጣውን ልቀልበው? ውጡ ከቤቴ!» አልኳቸው። እስሩን ለጎረቤት ፍየል ወረወርኩላት። እሷም እንቅልፍ ካጣች የራሷ ጉዳይ ነው።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ማሽኑ እምቢ አለና ኃላፊው ያችን ያስተማርኳትን ሴት ላከብኝ። ሄድኩ። መጀመሪያ አጥፉት አልኩ። ጠፋ። ቆርቆሮው ላይ ተደግፌ ቆየሁ፤ በቦዩ ከሚወርደው ውኃ በቀር ምንም አይሰማም። ያ ማንኳኳት ጠፍቷል። አስነሡት አልኩ። ከታች ቀጭን ፍጭት ሰማሁ። «ኩሽኔታ አይደለም፤ ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር ብሎኑ ላልቷል» አልኩ። የጎማ ቀበቶውን አውርዳ መዘውሩን አየችው፤ ላልቷል። ኃላፊው ሳጥኔን ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝ።

እንግዲህ ያደረግኩት ይህ ነው። ጫት ተውኩ፤ ባለቤቴን ካልቆጠርኩ ያለ ማንም እርዳታ። አረቄም ተውኩ፤ እሱ ከጫቱ ይብሳል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኝቼ አሥራ አንድ ሰዓት እነሣለሁ። ኃላፊውን እየጮኽኩበት የሌሊቱ ሥራ በሁለት ፈረቃ እንዲሆን አደረግኩ። ማሽን ላይ ሆነው የሚቅሙ ሁለት ሰዎችን ከማሽኑ አስነሣሁ፤ እስካሁን ሰላም አይሉኝም። ቡናቸው የተበላሸባቸው ሦስቱ ገበሬዎች ቤት ሄጄ «ማሽኑ ደህና ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ሁለቱ ይቅር አሉኝ። ሦስተኛው ከበር መለሰኝ፤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።