ቀዮና የእህቷ ቅባት

ቀዮ ስትወለድ ቀይ አልነበረችም። እናቷ አቅፋ ያሳደገቻት፣ ሰፈሩም የሚያውቃት ጠይም ልጅ ነበረች። ቀዮ የተባለችው አድጋ፣ የውበት ሳሎን ተቀጥራ፣ ሙሽሮችን ማስዋብ ከጀመረች በኋላ ነው። የሳሎኑ ባለቤት ምላሷ ማርም ምላጭም የሆነ ሴትዮ ናት። በገባች ሰሞን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ "የኔ እናት፣ እጅሽ ወርቅ ነው። ደንበኛ ግን በሩን ከፍቶ ሲገባ የሚያየው እጅሽን አይደለም" አለቻት። ለሚገባው ሰው ይኼ በቂ ነው፤ ለቀዮም ገባት። ሠራተኞቹ ከጓሮ ክፍል መሳቢያ እያወጡ ከሚቀቡት ክሬም አንዷን ቲዩብ ቦርሳዋ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ቤቷ ሄደች።

ክሬሙ አላሳፈራትም። ወር ሳይሞላ ፊቷ ፈካ፣ ለሰለሰ፣ ብጉር የሚባል ነገር ከነጠባሳው ድራሹ ጠፋ። ደንበኞች "ያቺ የተላጠ እንቁላል የመሰለችው ትሥራኝ" እያሉ ወረፋ መጠበቅ ጀመሩ። ስሟ ያኔ ተቀየረ። ከእናቷና ከታናሽ እህቷ በቀር በቀድሞ ስሟ የሚያውቃት ሰው እየጠፋ ሄደ። ያገባትም ሰው ያገባው ቀዮን ነው፤ ጠይሟን አንድም ቀን አይቷት አያውቅም። ትዳሩ ሲፈርስ እንኳ ጠዋት ክሬሟን ተቀብታ ነው ወደ ፍርድ ቤት የሄደችው።

ቆዳ ግን የሚሸከመው ልክ አለው። ከዓመታት በኋላ ፀሐይ ሲነካት ፊቷ በርበሬ የተነሰነሰበት ያህል ያቃጥላት ጀመር። ከምድጃ አጠገብ መቆም አቃታት። ሳሎን ውስጥ ፀጉር የሚደርቅበት ካስክ ሙቀቱ ከሩቅ ይለበልባታል። ጉንጮቿ ላይ እንደ ቀይ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ወጡ፤ አገጯ ላይ ደግሞ ያልነበረ ፀጉር በቀለ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሰውየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፊቷን በመብራት መረመሩትና ተነፈሱ።

"ልጄ፣ ይኼ ነገር መድኃኒት ነው። ለታመመ ቆዳ፣ ለጥቂት ቀን የሚታዘዝ መድኃኒት። አንቺ እንደ ቁርስ አደረግሽው።"

"ብተወውስ?"

"ትተዪዋለሽ፤ ቀስ እያልን። ፊትሽ ግን ይቆጣል፣ ያኮርፍሻል። ታገሺው።"

ቀዮ ቀስ ማለት አልፈጠረባትም። የዚያኑ ዕለት ቲዩቦቹን ከነሳጥናቸው ወረወረቻቸው። ክሬም ብቻ ቢሆን መልካም። ሳሙናውን፣ ሻምፖውን፣ ሽቶውን፣ የብብት ማድረቂያውን ሁሉ ሰብስባ አንድ ከረጢት ሞልታ አወጣች። "ከእንግዲህ አፌ ውስጥ የማላስገባውን ነገር ቆዳዬ ላይ አላደርግም" አለች። ሰምታው ይሁን አንብባው፣ ቃሉ ደስ ብሏት ነበር።

ያኔ ቤቷ የጓሮ አትክልትና ወጥ ቤት የተቀላቀሉበት ሆነ። እሬት እየላጠች ዝልግልጉን ትቀባለች። ተልባ ቀቅላ ፀጉሯን ታጥብበታለች። ማር ተቀብታ ጋደም ብላ ስትነሳ ትራሱ አብሯት ይነሳል። በሎሚ ብብቷን አሽታ ቀኑን ሙሉ ክንዷን እንደ ክንፍ ዘርግታ ዋለች። አንድ ቀን እርድ በእርጎ ለውሳ ፊቷን ለቀለቀችና አልለቅ አላት። በነጋታው ሳሎን ስትገባ ጥፍር ሠሪዋ፣ ከሁሉም ሠራተኛ የምትቀርባት ጓደኛዋ፣ ብሩሿን እስክትጥል ሳቀች።

"ቀዮ ነበርሽ፤ አሁን ቢጫዬ ልበልሽ?"

ቀዮም ሳቀች። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ ያሉት ቁጣ መጣ። ፊቷ አበጠ፣ ተላጠ፣ ውኃ ቋጠረ። ሲደርቅ ደግሞ ማድያት እንደ ፈሰሰ ቀለም ጉንጮቿንና ግንባሯን ሸፈነው። ሙሽራ ፊቷን አሳልፋ ለእሷ መስጠት ፈራች። የሳሎኑ ባለቤት ድምፅዋን አለስልሳ፣ "እስኪሻልሽ ድረስ ከኋላ ሆነሽ ፀጉር እጠቢ" አለቻት። ከኋላ መስኮት የለም። አንድ ገንዳ፣ አንድ ወንበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ያጋደለ ደንበኛ ብቻ ነው ያለው። ማንም አያያትም፤ የተፈለገውም እሱ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ከጎኗ ያልተለየችው ታናሽ እህቷ ናት። ቤት ውስጥ ሚጣ ይሏታል። አርባ ሊሞላት ምን ቀርቷት ዛሬም ሚጣ ናት። ከምትሠራበት ፋብሪካ ከተቀነሰች ወዲህ ከእናታቸው ጋር ትኖራለች። በየቀኑ እየመጣች እሬቱን ትልጥላታለች፣ በንጹህ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውኃ ፊቷ ላይ ታደርግላታለች፣ ስታለቅስ አብራት ታለቅሳለች። በኋላ ከየሰው እየጠየቀች ሰም አቅልጣ፣ የኮኮናት ዘይት፣ ማርና እሬት ቀላቅላ፣ በብልቃጥ ቅባት ይዛላት መጣች። ቀዮ ተቀባችው። ምንም የለም። ብልቃጡ አልቆ እንኳ ምንም የለም።

"ጣዪው" አለቻት። "እኔ አልቆልኛል። እንዲህ ሆኜ ከምኖር ብሞት ይሻለኛል።"

ሚጣ ባዶውን ብልቃጥ ይዛ ወጣች። ከቀናት በኋላ ሌላ ይዛ ተመለሰች። "አሻሽዬዋለሁ፤ እስቲ ለእኔ ስትዪ ይኼን ሞክሪው" አለቻት።

ሁለተኛው ሠራ። እሳቱ በረደ፣ እብጠቱ ሸሸ፣ ማድያቱ ሳስቶ ሳስቶ ጠፋ። ቀዮ መስታወት ፊት ቆማ ጉንጯን በጣቷ ጀርባ ደባበሰች። በዚያች ቅጽበት አንድ ሐሳብ ሽው ብሎባት ነበር። ይኼን ልስላሴ የት ነው የማውቀው? እንደ ዝንብ እሽ አለችውና ሄደ። ወደ እናቷ ቤት ሮጣ ሚጣን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃቸው ወጣ። የሳሎኑ ባለቤት ቀዮን ወደ ፊት መለሰቻት፤ ሚጣ እየሠራች የምታመጣውን ቅባትም መደርደሪያ ላይ ደረደረችው። "ንጹህ ከተፈጥሮ፤ እስከ መበላት የሚደርስ" የሚል ወረቀት በየብልቃጡ ላይ ተለጠፈ፤ ከወረቀቱ በላይ የቀዮ ፎቶ፣ አንዱ ከነማድያቷ፣ አንዱ እንደ ጨረቃ። ቀዮ ሙሽራዋን እያስዋበች፣ "እኔን እዪኝ እስቲ። ይኼ ፊት ተልጦ ነበር። እህቴ በእሬትና በማር ነው ያዳነችኝ" ትላለች። ደስታዋ የእውነት ነበር። አንድም ለፊቷ፣ አንድም ሥራ ፈት ትባል ለነበረችው እህቷ።

ጥፍር ሠሪዋ በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ማሙሽ። ልጁ ጥቂት ወራት እንደሆነው ጉንጩና የክርኑ ውስጥ እየቆሰለ ያሳክከው ጀመር። እናቱ እንቅልፍ አጣች። ቀዮ ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አንስታ እጇ ላይ አኖረችላት።

"ለሕፃን ይሆናል?"

"የሚበላ ነገር እኮ ነው፣ እናት! እሬትና ማር ማንን ገድሎ ያውቃል? ከገላው መልስ ደህና አድርገሽ ቀቢው።"

የማሙሽ ቁስል ወዲያው ጠፋ። ጥፍር ሠሪዋ ቀዮን መርቃ አልጠግብ አለች። ልጁ ሳሎን ሲመጣ ሁሉም ጉንጩን ለመቆንጠጥ ይሻማል፤ ክብ ብሎ፣ ተነፍቶ፣ ኳስ መስሏል። "ወተትሽ ቅቤ ነው እንዴ?" ይሏታል። ቆይታ ግን እናቱ አንድ ነገር ታዘበች። የልጁ ፊት ይወፍራል፤ እጅና እግሩ ግን ቀጭን ነው። ቁመቱ አይጨምርም። ጀርባው ላይ ጭገር አብቅሏል። ሲነካ ይነጫነጫል።

አንድ ረፋድ ቀዮ የሙሽራ ዓይን እየኳለች ሳለ ጥፍር ሠሪዋ ገባች። ልጁን አልያዘችም። በእጇ ብልቃጡ አለ።

"ማሙሽ ሆስፒታል ተኝቷል" አለች።

ቀዮ ኩሉን ከሙሽራዋ ዓይን ላይ አነሳች። "ምን ሆነ?"

"ሐኪሟ ምንድን ነው የምትቀቢው አለችኝ። ተፈጥሮ ነው አልኳት። ተፈጥሮ ልጅን እንዲህ አያደርግም አለችኝ። መድኃኒት አለበት፣ ኃይለኛ። በቆዳው ገብቶ ሰውነቱን አናግቶታል። በአንዴ ብናቆምበትም ይጎዳዋል አለችኝ።"

"አይሆንም። ተሳስታ ነው። እህቴ በገዛ እጇ ነው የምትሠራው!"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች ጥፍር ሠሪዋ። "የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።" ብልቃጡን መስታወቱ ሥር አስቀምጣ ወጣች።

ቀዮ ሙሽራዋን በአንድ ዓይኗ ኩል ትታ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። መንገዱን ሙሉ ለሐኪሟ የምትመልሰውን እያዘጋጀች ነበር። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ሚጣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ከፊቷ ትልቅ ድስት፣ ድስቱ ውስጥ የወፈረ ነጭ ቅባት። በአንድ እጇ ታማስላለች፣ በሌላው ቲዩብ እየጨመቀች ትጨምራለች። ተጨምቀው ያለቁት እቃ ማጠቢያው ውስጥ ተከምረዋል። ቀዮ ቀለማቸውን ከበሩ ሆና ለየችው፤ የሳሎኑ መሳቢያ ክሬም ነው።

"ሚጣ።"

ሚጣ ዞር አለች። ቲዩቡን ልትደብቀው አልሞከረችም። "እታለም! ምነው ሳትደውዪ?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ሚጣ ማማሰያውን አስቀመጠች፤ እሳቱን አጠፋች። "ከሁለተኛው ብልቃጥ። እማዬ ትሙት፣ የመጀመሪያው ንጹህ ነበር። ምን አልሽኝ? ጣዪው አልሽኝ። ብሞት ይሻለኛል አልሽኝ። ለአንቺ ብቻ ብዬ ትንሽ ጠብ አደረግኩበት። ሳምንት ሳይሞላ ሳቅሽ። ስትስቂ ምን ልበልሽ? እስቲ ንገሪኝ!"

"ለእኔስ እሺ። ለሰው?"

"ሰውን ማን አመጣብኝ? ያንን ፊት ይዘሽ ሳሎን ሙሉ ሴት የላክሽብኝ አንቺ አይደለሽም? ንጹሁን ብሸጥላቸው ማን ይመለሳል?"

"ሕፃን ተቀባው፣ ሚጣ! የጥፍር ሠሪዋ ልጅ አብጦ ሆስፒታል ተኝቷል።"

የሚጣ ፊት አመድ መሰለ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ለሕፃን ስጪ አላልኩሽም" አለች በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ቀና ብላ እህቷን አየቻት። "አንቺስ? ያን ሁሉ ዓመት የተቀባሽውን ነገር ጣትሽ አላወቀውም? እውነት አላወቅሽም?"

ቀዮ ጣቶቿን በሽርጧ ጠረገች።

እናታቸው ጩኸቱን ሰምታ ከመኝታ ክፍሏ መጣች። ነገሩን ከሁለቱም አፍ ሰማች፣ ድስቱን አየች፣ ቲዩቦቹን አየች። "ልጁ ይድናል?" ብላ ጠየቀች። "ይድናል ከተባለ እንግዲህ ነገር አታራግቡ። የእህትሽን እንጀራ አትዝጊባት። ስንት ቀን አጥባሻለች።"

"እናት ትሆኚና እንዲህ ትያለሽ?" አለች ቀዮ።

"እናት ስለሆንኩ ነው የምለው።"

ቀዮ ግን ዝም አላለችም። በማግስቱ ሳሎን ቆማ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ተናገረች። አንዷ አለቀሰች። አንዷ "ከእህትሽ ተጣልተሽ ነው አይደል?" ብላ ሳቀች። አንዲት ቀጠን ያለች አስተማሪ ደግሞ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ "ቲዩቡ ስሙ ማነው? ከዋናው ብገዛው አይሻለኝም?" አለቻት። የሳሎኑ ባለቤት ብልቃጦቹን ከመደርደሪያው አነሳች፤ ቀዮንም አብራ አነሳቻት። "ዛሬ ቅባቱን ያማች አፍ ነገ ቤቴን ታማለች" አለች። ቀዮ ለጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱም አመልክታ ነበር። ሰዎቹ ሲመጡ ሚጣ ድስቷን ይዛ ሌላ ቤት ተከራይታለች፤ ከብልቃጡ ላይ ፎቶውን አንስታ ቅጠል ሥላበታለች። ገበያዋም አልቀነሰም።

ቀዮ አሁን የምትሠራው በየሰዉ ቤት እየዞረች ነው፤ አሮጊቶችን ፀጉራቸውን ታጥባለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች። ፊቷ እንደገና ተቆጥቶ፣ ከበፊቱ ብሶ፣ ቀስ እያለ ጋብ ብሏል። ማድያቱ ቀርቷል። በውኃና በተራ ሳሙና ትታጠባለች፤ እሬትም ማርም ቤቷ የለም። ቀዮ የሚላትም ሰው እየጠፋ ነው። ከእህቷ ጋር እናታቸው ዘንድ ሲገናኙ አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች።

ማሙሽ ከሆስፒታል ወጥቶ ወራት ካለፉ በኋላ ድፍረት አግኝታ ልትጠይቀው ሄደች። ጥፍር ሠሪዋ በሩን ከፍታ፣ "ግቢ" አለቻት፤ "እንኳን መጣሽ" ግን አላለቻትም። ልጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የድስት ክዳን ይደበድባል። ጉንጩ ጎድሏል፤ የልጅ ፊት ሆኗል። ቁስሉ ተመልሶ ክርኑ ላይ ቀልቷል። እንግዳዋን ትክ ብሎ አየና ክዳኑን ጥሎ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

ቀዮ ልታነሳው ጎንበስ ስትል እናቱ፣ "ቆይ፤ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ" አለቻት።

ታጠበች። ሳሙናውን እስከ ክርኗ አረፋ አስደፍቃ ታጠበች። "ምንም አልተቀባሁም እኮ" አለች ከመታጠቢያው ሆና። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ስትመለስ ማሙሽ እናቱ ትከሻ ላይ ነበር።

"እንቅልፉ መጥቷል" አለች ጥፍር ሠሪዋ።

ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ ቀዮን ያያታል። ቀዮ "አዎ፣ ይተኛ" ብላ ቦርሳዋን አነሳች።