በጣሳ የመጣ እርሾ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የጀመረው «ልብስህን አውልቅ» በመባል ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ከሊጥ አቡኪነት ተነሥቼ እስከ ዋና ጋጋሪነት አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ያን ዕለት የድሮ የሥራ ልብሴን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ኮራ ብዬ የአዲሷ መሥሪያ ቤቴ፣ የአንዲት ትንሽ ዳቦ ቤት፣ በር ላይ ቆምኩ። ባለቤቷ ወይዘሮ ጫልቱ፣ በሰፈሩ አጠራር አዴ ጫልቱ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «በዚህ ልብስ አትገባም» አሉኝ።

«ታጥቧል እኮ፣ አዴ።»

«መታጠቡን አያለሁ። ኪስህና የጫማህ ስፌት ውስጥ ግን ስንዴ አይጠፋም። ጫማውንም አውልቅ።»

ነጭ ጋውንና የላስቲክ ጫማ ሰጡኝ፤ እጄን እስከ ክርኔ አሳጠቡኝ። እኔ ነኝ ያልኩት ጋጋሪ እንደ ተማሪ ጥፍሬ ታየ። «እኚህ ሴትዮ ጤነኛ አይደሉም» አልኩ በሆዴ።

ነገሩ የገባኝ ታሪካቸውን ሲነግሩኝ ነው። አዴ ጫልቱ አስተማሪ ነበሩ። አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው፣ ጨጓራ ነው እየተባለ ለዓመታት መድኃኒት ሲውጡ ኖረዋል። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ሕመሙ ሲሊያክ የሚባለው መሆኑን ደረሰችበት። ግሉተን የሚባለው፣ የስንዴን ሊጥ የሚያለጥጠው ነገር፣ አንጀታቸውን ይጎዳዋል። መፍትሔው ስንዴና ገብስ ጨርሶ አለመቅመስ ብቻ ነበር። ጡረታ ሲወጡ እንደ እሳቸው ላሉ ሰዎች ብለው ግቢያቸው ውስጥ ይህችን ዳቦ ቤት ከፈቱ። የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ጤፉን ከስንዴ አስከትሎ ስለሚፈጭ የራሳቸውን ትንሽ ወፍጮ አስተከሉ።

ሥራው የማውቀውን ሁሉ አስረሳኝ። የስንዴ ሊጥ ሲስቡት ይሳባል፤ የጤፍ ሊጥ እጅ ላይ ይፈርሳል። ተልባ ወቅጠን፣ በፈላ ውኃ እስኪዝለገለግ አሽተን፣ ከጤፍና ከሩዝ ዱቄት ጋር እናቦካዋለን። የመጀመሪያ ዳቦዎቼ ለግንብ ይሆኑ ነበር። አዴ ጫልቱ ግን ቆርሰው፣ እንደ ምንም አኝከው፣ «ደህና ነው፤ ነገ ውኃ እንጨምርለት» ይሉኛል። እኔ የለመድኩት ስድብ ስለነበር የሚያሾፉብኝ ይመስለኝ ነበር።

ዳቦ ለወሰደ ሰው ሁሉ ከቀናት በኋላ እየደወሉ «ተስማማህ? ሆድህ እንዴት ነው?» ይላሉ። ለዱከምና ለሻሸመኔ ደንበኞች በሚኒባስ እንልካለን። ባቱ ደግሞ ሀዊ የምትባል፣ ያው ሕመም ያለባት የስምንት ዓመት ደንበኛ ነበረችን። እናቷ አበባ እርሻ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሀዊን ዳቦ ለሾፌሩ የማስረክበው እኔ ነበርኩ።

አንድ አርብ ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ማስቀረት ረስቼ ሊጡን ሙልጭ አድርጌ ጋገርኩት። ለአንድ ጋጋሪ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። አዴ ጫልቱ ሳያዩኝ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ አስናቀች ሮጥኩ። በጣሳ ቀድተው፣ «የጤፍ ናት፣ ውሰድ» አሉኝ። ቅልቅል ይኖርባት ይሆን የሚል ጥያቄ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የተከበረች ሴት እርሾ ሰጥታህ፣ ጤፍሽ ንጹሕ ነው ወይ ማለት፣ ደህይተሻል ወይ እንደ ማለት ነው። አመስግኜ ወጣሁ፤ የቅዳሜውንም ዳቦ በእሷው አቦካሁ።

ከውጭ የገባ ነገር ሁሉ በሩ ላይ በተሰቀለው ደብተር መጻፍ ነበረበት። እርሾውን አልጻፍኩትም። ማፈሬ እንዳለ ሆኖ፣ የማይገዛና የማይመዘን ነገር፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋዋሰው ነገር፣ የሚጻፍ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ፣ የሀዊ ዳቦ ከሄደ በኋላ፣ አዴ ጫልቱ ጣሳውን መታጠቢያው አጠገብ አዩት።

«ይህ የማን ነው?»

ነገርኳቸው። አልጮሁም። ነጠላቸውን ደርበው በቀጥታ ጎረቤት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ።

«አስናቀች እህቴ፣ ጤፉ ላይ የምትጨምሪበት ነገር አለ?»

እትዬ አስናቀች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «ምን ላድርግ፣ ጤፍ ሲወደድ ስንዴ ጣል አደርግበታለሁ። ይህ ደግሞ ለሰው ይነገራል?»

ሌሎቹን ደንበኞች ሁሉ በስልክ አግኝተን አስጠነቀቅን። የሀዊን ዳቦ ግን ሾፌሩ ቤቷ አድርሶታል፤ የእናቷ ስልክ ብቻ አይነሣም፤ እርሻው ውስጥ ስልክ መያዝ ክልክል ነው። «ተነሥ፣ ባቱ እንሄዳለን» አሉ። ሞጆን እንዳለፍን «ቢያባርሩኝ አልቀየምም፣ አዴ» አልኳቸው። «እሱን ስንመለስ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ባቱ ስንደርስ ሀዊ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ላይ ፍርፋሪ አለ።

«አካም ጅርታ፣ ሀዊ?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ደህና ነኝ! የዛሬው ዳቦ ደግሞ ሲጣፍጥ!»

በዚህ ሥራ ከልጅ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ ምስጋና ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ።

እናቷ ከሥራ ስትመለስ ሀዊ ሆዷን ይዛ እያስመለሳት ነበር። «ጥፋቱ የቤቴ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ። «አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «እርሾውን ከሰው ቤት አመጣሁ። ቅልቅል ነው ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ልጇን አቅፋ አፏን ጠረገችላት።

«እኔ በየሠርጉ፣ በየልደቱ፣ ምን አለበት እያልኩ እየጠየቅኩ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስቀይሜያለሁ» አለች። «ሳልጠይቅ የምቀበለው የእናንተን ብቻ ነበር።»

ሀዊ አንድ ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀርታ ተሻላት። አዴ ጫልቱ አላባረሩኝም። እናቷም ከእኛ መግዛቷን አልተወችም፤ ሌላ የት ትሄዳለች? አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ትደውልና፣ «ምን ምን አለበት?» ትለኛለች። አንድ በአንድ እነግራታለሁ። እሷም አመስግና ትዘጋዋለች።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሰጣችሁ ሰው የሚቀየም ቢሆንም ጠይቁት። እኔ ያን ጊዜ ዝም በማለቴ ያላስቀየምኩት ጎረቤቴን ብቻ ነው።